ፒስተንሽ ደርሶኛል

ጎንደር፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

  እናትሽ ይህን ወረቀት በሰላምታ ብቻ እንድሞላው ብትፈልግም ካርቶኑን የሚያደርስልሽ ሾፌር ከነገ ወዲያ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስለሚነሳ ወደ ጉዳዩ ልግባ። የእሷን ሰላምታ ከበርበሬውና ከዳቦ ቆሎው ጋር ካርቶኑ ውስጥ ታገኚዋለሽ።

ፒስተንሽ ደርሶኛል። በጋዜጣ ጠቅልለሽ ከላይ በሐኪም ፋሻ አስረሽ መላክሽን ሳይ ብቻዬን ሳቅሁ። እኛ ጋራዥ ውስጥ ፋሻ የምንለው የፒስተኑን ቀለበት ነው፤ ባለ ፋሻው በፋሻ ተጠቅልሎ መጣ። ሲሊንደሩም ካንዴላውም ምንም ሳይጎድል ደርሰዋል። ከሁሉ ያስደሰተኝ ሳታጥቢ መላክሽ ነው። እዚያ ያለው ልጅ በቤንዚን ሊያጥበው ሲል "አባዬ እንዳለ ነው የሚፈልገው" ብለሽ ከለከልሽው አሉኝ። ስንቱ ባለሙያ ነኝ ባይ ሞተር ፈትቶ ገና ሳያየው ያጥባል፤ አጥቦ ሲጨርስ ደግሞ "ምን ነክቶት ይሆን?" ብሎ ይጠይቃል።

ትናንት ማታ አምፖሉን ዝቅ አድርጌ ይዤው ቁጭ አልኩ። እናትሽ ሁለቴ እራት ጠርታኝ በሦስተኛው ተወችኝ።

መጀመሪያ የጻፍሽልኝን ልድገምልሽ፤ የተሳሳትኩት ካለ አርሚኝ። ከገንዳ ውሃ ከንጋቱ 12 ሰዓት በሞተር ሳይክልሽ ተነሳሽ። የክትባት ሳጥኑ ከኋላ ታስሯል። መንገዱ ሜዳ ነው፣ መረሬው ደርቋል፣ በረዶው ሳይቀልጥ ለመድረስ ጋዙን እስከ መጨረሻው ጠምዝዘሽ ወደ ግማሽ ሰዓት ያህል ነዳሽ። ሞተሩ መጀመሪያ ድምፁ ቀጠነ፤ ቀጥሎ አንድ ሰው ከኋላ እንደያዛት ሁሉ ደከመች፤ አንቺም ጋዝ ጨመርሽ። ከዚያ የኋላው ጎማ ድርቅ አለ። "ሳላስበው ጣቶቼ ፍሪሲዮኑን ሳቡት" ብለሽ ጽፈሻል።

እዚህች ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ወደ ውጭ ወጣሁ። አዘዞ ሜዳ ላይ ሳስተምርሽ ሁለት ጣትሽን ምንጊዜም ፍሪሲዮኑ ላይ አድርጊ እያልኩ ስነዘንዝሽ "አባዬ እጄን ደከመኝ" ትይ ነበር። ቱ ስትሮክ ሲነክስ አያስጠነቅቅም፤ ፍሪሲዮኑ ካልተያዘ ጎማው እንደተቆለፈ ሰውዬውን ይጥለዋል። ያን ቀን ያተረፉሽ እነዚያ ሁለት ጣቶች ናቸው። ለእናትሽ ይህን አልነገርኳትም፤ አንቺም አትንገሪያት።

አሁን ደግሞ ልቆጣሽ። 20 ደቂቃ ቆይተሽ ስትረግጫት ተነሳች፤ አንቺም "ዳነች" ብለሽ ሦስት ኪሎ ሜትር ነዳሽ፤ ከዚያ ለሁለተኛ ጊዜ ነክሳ ቀረች። ልጄ፣ አንድ በሽተኛ እጅሽ ላይ ራሱን ስቶ ወድቆ ከ20 ደቂቃ በኋላ ቢነሳ "በል ሂድ" ትይዋለሽ? አሉሚኒየም ሲግል ከብረት በእጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ፒስተኑ አሉሚኒየም ነው፣ የሲሊንደሩ ውስጥ ደግሞ ብረት። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከሰው ፀጉር የቀጠነ ነው። ፒስተኑ ከልክ በላይ ሲግል ክፍተቱን ይሞላና ይነክሳል፤ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና ይለቃል። የለቀቀው ስለዳነ አይደለም። የመጀመሪያው ንክሻ ቢበዛ በብርጭቆ ወረቀት የሚስተካከል ነበር፤ ሲሊንደሩን ያረሰው ሁለተኛው ነው። ቶርኖ ቤት ወስጄ በሩብ ሚሊ ሜትር ባሰፋው አልጠራ ብሎኝ ወደ ግማሽ ሄድኩ። በቃ፣ ቁጣዬ ይኸው ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መሥሪያ ቤትሽ "ዘይት ሳትጨምር ነድታ አቃጠለችው" ማለቱን፣ ዋጋውንም ከደመወዝሽ ለመቁረጥ ማሰቡን ጽፈሽልኛል። ፒስተኑ ግን እንደዚያ አይልም። ምን እንደሚል ላንብብልሽ፤ አንቺም አዲሱን በእጅሽ ይዘሽ ተከተይኝ።

አናቱ ላይ ትንሽ ቀስት ተቀርጻለች። ቀስቷ የምትጠቁመው ጭሱ ወደሚወጣበት፣ ወደ ማርሚታው በኩል ነው። ጭስ የሚወጣበት ጎን ምንጊዜም የሚግለው ጎን ነው፤ ቤንዚንና አየር የሚገባበት የጀርባው ጎን ደግሞ ቀዝቃዛው። ዘይት አጥቶ የሞተ ፒስተን ዙሪያውን ይፋቃል፤ በቀዝቃዛው ጎኑም ጭምር። ስፒኖቶው ይጠቁራል፣ ቢዬላው አናት ላይ ያለችው ባለ መርፌ ኩሽኔታም ትቃጠላለች። ያንቺ ፒስተን ቀዝቃዛ ጎኑ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበሩት ቀጫጭን መስመሮች እንኳ አልጠፉበትም። ኩሽኔታዋን በጣቴ ሳዞራት ዘይቷ ጣቴን አራሰው። ዘይት ነበረ። ይህን ደጋግመሽ ንገሪያቸው፤ ዘይት ነበረ። ሞተር ሳይክልሽ ዲቲ 175 ደግሞ ዘይቷን ከራሷ ጋን በፓምፕ የምትወስድ ናት፤ ያማሃ ይህን ዘዴ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል። ጋኑ ግማሽ ሆኖ መገኘቱን ራሳቸው መዝግበዋል።

አቧራ ቢሆን ኖሮስ? አቧራ በመግቢያው በኩል ስለሚመጣ የዚያን ጎን የታችኛውን ጠርዝ እንደ ድንጋይ ወፍጮ ያደበዝዘዋል፤ ግራጫ፣ የማያበራ ያደርገዋል። ይህም የለም። ፊልትሮውን በዘይት እያራስሽ ማጠብሽን እዚህ ላይ አየሁልሽ። ሳይሞቅ በጠዋት አስነስተው ወዲያው የጋለቡት ሞተር ደግሞ አራት ቦታ ላይ ይፋቃል፤ ልክ በአራት ማዕዘን የተቧጠጠ ይመስላል። እሱም አይደለም።

የተጎዳው በማርሚታው በኩል ብቻ ነው። ከፋሻው ጀምሮ እስከ ታች አሉሚኒየሙ ቀልጦ እንደ ቅቤ ተለቅልቋል፤ ፋሻዎቹም ቤታቸው ውስጥ ተቀብረዋል። ፒስተኑን ገልብጬ የአናቱን ሆድ ሳየው ዘይቱ ተቃጥሎ እንደ ምጣድ ጥላሸት ጋግሮበታል። ጠርዙ ላይ፣ አሁንም በዚያው በጋለው በኩል፣ ዶሮ የለቀመችው የመሰሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ። ካንዴላውን ስመለከት ነጭ ነው፤ እንደ አመድ። ደህና ካንዴላ ማኪያቶ መምሰል አለበት። አመዱ ላይ ደግሞ የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች አየሁ። እነዚያ የፒስተኑ ናቸው፤ ከአናቱ ተነስተው እዚያ የተለጠፉ።

ስለዚህ ዘይቱ መጣ፣ ሙቀቱ ግን አቃጠለው። ሙቀቱን ያመጣው ስስ ድብልቅ ነው፤ ማለትም አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ አንሷል። ይህን ያህል ከፒስተኑ ይነበባል። ቤንዚኑ ለምን እንዳነሰ ግን ፒስተኑ አይናገርም፤ እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚያቆመው። "ፒስተን አቃጠለ፣ ፒስተን ቀይሩለት" ይባላል።

እኔም ብያለሁ። አንቺ ሳትወለጂ አንድ የደንቢያ እህል ነጋዴ ነበሩ። እንዳንቺው ያለ ያማሃ ነበራቸው። በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ነክሶባቸው ሦስት ጊዜ ወደ እኔ መጡ፤ ሦስት ጊዜ ፒስተን ቀየርኩላቸው፣ ሦስት ጊዜም ሒሳብ ተቀበልኩ። ሦስተኛው ላይ የሙያ አባቴ፣ ከጣሊያኖች ጋራዥ የወጡት ሽማግሌ፣ ምንም ሳይናገሩ በሳሙና የተነከረ ጨርቅ ይዘው መጡና ካርቡራቶሩ የሚያያዝበትን ጎማ ቀቡት። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ነበር። አረፋው በአንድ ቦታ ላይ ወደ ውስጥ ጥልቅ አለ። ከጥፍር የማትበልጥ ስንጥቅ ነበረች። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው "ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ ማለት ከጣሊያን ተማርክ፤ ማየት ከማን ልትማር ነው?" አሉኝ። ነጋዴው ሰምተዋል። የሁለቱን ፒስተኖች ዋጋ መለስኩላቸው፤ የኀፍረቱን ግን እስካሁን አልጨረስኩም።

ቱ ስትሮክ ከባለ አራቱ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የታችኛው ቤቱ፣ ክራንክ ሻፍቱ ያለበት፣ ራሱ ፓምፕ ነው። ፒስተኑ ሲወጣ ከካርቡራቶሩ አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ሲወርድ ያንኑ ጨምቆ ወደ ላይ ይልከዋል። ጆሴፍ ዴይ የሚባል እንግሊዛዊ ይህን መላ ካመጣው ከ110 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቴስታታው ላይ ቫልቭ የለው፣ ካምሻፍት የለው፣ ድህነቱ ራሱ ነው ውበቱ። ነገር ግን በየትም በኩል፣ በጎማውም፣ በጋስኬቱም፣ በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ባለው ኦይል ሲልም በኩል፣ አየር ሾልኮ ከገባ ያ አየር ቤንዚን ያልያዘ ባዶ አየር ነው። ድብልቁን ያሳሳዋል። ለአንቺ የሳንባ ቀዳዳ ብልሽ ይቀልሽ ይሆናል።

እዚህ ድረስ የጻፍኩት ትናንት ማታ ነው። የሚቀጥለውን ዛሬ ጠዋት ስጽፍ እጄ ትንሽ ይከብደኛል።

በየካቲት የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ትዝ ይልሻል? "አባዬ፣ ሞተሯ እንደዚህ ሄዳ አታውቅም። ጭሷ ጠፍቷል፣ ነዳጅ መብላቷም ቀንሷል፣ ድምጿ ደግሞ ጥርት ብሏል" አልሽኝ። ጋራዥ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። "የማን ልጅ መሰለቻችሁ፣ የማንስ ሥራ?" አልኳቸው። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሙያ የኖርኩ ሰው ያን ደብዳቤ አንብቤ ደስ አለኝ! ድብልቁ የሳሳበት ቱ ስትሮክ ከመሞቱ በፊት የሚሄደው እንደዚያ ነው፤ ቀልጠፍ፣ ጥርት፣ ቀለል ብሎ። የጻፍሽልኝ የበሽታውን ምልክት ነበር፤ እኔ ምስጋና አድርጌ ተቀበልኩት።

ጠዋት ላይ የድሮ ካንዴላ ላወዳድር ብዬ መሳቢያውን ስከፍት አንድ የክብሪት ሳጥን አገኘሁ። በላዩ ላይ በእኔ እጅ ጽሑፍ "ቆላ" ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ የሞተርሽ ዋናው ጂግለር፣ ቤንዚኑን የምትመጥነው ባለ ቀዳዳ ትንሽ የነሐስ ብሎን፣ ጥጥ ላይ ተቀምጣለች።

በክረምቱ ለዕረፍት ይዘሻት ስትመጪ ጎንደር ላይ ጥቁር ጭስ ትተፋ፣ ካንዴላ ታረጥብ፣ ወደ ፒያሳው ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት እንደነበር ታስታውሻለሽ። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው 78 በመቶ ገደማ ብቻ ይከብዳል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል። ስለዚህ ዋናዋን ጂግለር አውጥቼ ሁለት ደረጃ የምታንስ ገጠምኩላት። እሷም እንደ ወፍ ሆነች። ስትመለሺ የምሰጥሽ ብዬ ትልቋን በክብሪት ሳጥን አድርጌ "ቆላ" ብዬ ጻፍኩባት። ጥቅምት ላይ አቅፌ ስሸኝሽ ግን ሳጥኑ መሳቢያው ውስጥ ቀረ።

አንቺ ያለሽበት ከ1,000 ሜትር በታች ነው። እዚያ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከ90 በመቶ በላይ ይከብዳል። ካርቡራቶር ከፍታ አያውቅም፤ በቀዳዳው ልክ ይሰጣል። ለደጋ አየር የተመጠነችው ትንሽ ቀዳዳ ለቆላ አየር ቤንዚን አነሳት። በዝግታ ስትነጂ ዋናዋ ጂግለር ብዙም ሥራ የላትም፤ እሷ የምትገዛው ጋዙ እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ነው። አምስት ወር በገጠር መንገድ በዝግታ ስትሄጂበት ስለነበር ተሸከመችሽ። ያን ቀን ለግማሽ ሰዓት ሙሉ ጋዝ ያዝሽ፤ በንጋት ቅዝቃዜ ደግሞ አየሩ ይበልጥ ይጠጥራል፣ ድብልቁም ይበልጥ ይሳሳል። ቀትር ላይ ብትነጂም መተንፈሻ አልነበራትም፤ በ40 ዲግሪ ሙቀት ማን ያቀዘቅዛታል?

ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ። ዘይት አላጎደልሽም፣ አልበደልሻትም። ይህን ለመሥሪያ ቤትሽ በሌላ ወረቀት ለብቻው ጽፌ፣ ፈርሜና የጋራዡን ማኅተም አድርጌበት ከካርቶኑ በላይ አስቀምጫለሁ። የቶርኖውንም የዕቃውንም ሒሳብ ከፍያለሁ። የተቃጠለውን ፒስተንም መልሼልሻለሁ፤ ማስረጃ ነውና አሁንም አትጠቢው።

እንዲህ ስል ግን ምርመራው አልቋል እንዳትዪ። "ጥፋተኛው እኔ ነኝ" ብሎ መቀመጥም ያው ስንፍና ነው፤ ጥፋተኛ ከተገኘ ወዲያ ማንም ሌላውን አይፈልግም። ጂግለሯ ብቻ ናት ወይስ የተሰነጠቀ ጎማም አለ? ከዚህ ሆኜ አላውቅም። አንቺ ግን ማወቅ ትችያለሽ፤ መሣሪያውም እጅሽ ላይ ነው።

ተማሪ ሳለሽ የደም ግፊት መለኪያ ወደ ቤት አምጥተሽ ማታ ማታ ክንዴን እያሰርሽ ትለማመጂብኝ ነበር። አንቺ በማዳመጫው ስታዳምጪ እኔ ሰዓቷን ነበር የማየው። መጨረሻዋ 300 ይላል። 300 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በእኛ የጎማ መለኪያ 6 ፓውንድ ያህል ነው፤ የቱ ስትሮክ ታችኛው ቤት የሚፈተነው ደግሞ በዚሁ ልክ ነው። ያኔውኑ "ይቺ ለእኔም ትሆናለች" ብዬ ነበር፤ አንቺ የምቀልድ መስሎሽ ሳቅሽ።

ሲሊንደሩንና አዲሱን ፒስተን ከገጠማችሁ በኋላ፣ ካርቡራቶሩና ማርሚታው ገና ሳይታሰሩ እንዲህ አድርጊ። ጭሱ የሚወጣበትን አፍ በከመነዳሪ ቁራጭ ሸፍነሽ ለክቼ የላክሁትን ጠፍጣፋ ብረት በላዩ በብሎኖቹ እሰሪው። በካርቡራቶሩ ጎማ ውስጥ ደግሞ ቶርኖ ቤት ያስቀረጽኳትን ባለ ቧንቧ ውታፍ አስገብተሽ በማሰሪያው አጥብቂ። የዘይቷን ቀጭን ቱቦ በፒንሳ ሳይሆን በጣትሽ አጥፈሽ በገመድ እሰሪ። ካንዴላው ይግባ፤ ፒስተኑ ወደ ታች ወርዶ ይቁም። ከዚያ የመለኪያውን ቱቦ ከውታፏ ጋር አገናኝተሽ በፖምፓው 300 እስኪደርስ ንፊ። አንድ ደቂቃ ቁጠሪ። 250 እና ከዚያ በላይ ላይ ከቆየ ደህና ናት። ከወረደ በሳሙና ውሃ ጎማውን፣ የቴስታታውን ዙሪያ፣ የሲሊንደሩን ግርጌ ቀቢ፤ አረፋ የሚነፋበት ቦታ ላይ ነው ነገሩ። የትም አረፋ ካልታየ በግራ በኩል ማግኔቱን አውልቀሽ ከጀርባው ያለውን ኦይል ሲል ቀቢ። በቀኝ በኩል ያለው የሚዋሰነው ከማርሽ ዘይት ጋር ነው። እሱ ሲያሳልፍ ሞተሩ የማርሹን ዘይት እየጠጣ ነጭ ጭስ ያጨሳል፤ አንቺ ጭሷ ጠፋ ስላልሽ እሱን ብዙም አልጠረጥረውም። ግን የማርሹን ዘይት መጠን እዪው።

አንድ ነገር አስታውሺና ጻፊልኝ። ጋዝ ስትለቂ ሞተሩ ወዲያው ወደ ሚኒሞው ይመለስ ነበር ወይስ ትንሽ ተንጠልጥሎ ይጮኽ ነበር? ከተንጠለጠለ አየር የሚስብበት ቀዳዳ አለ፤ ጂግለሯ ብቻዋን እንደዚያ አታደርግም።

የጄሪካኑን ቤንዚንም አላመንኩትም። ጠርዙ ላይ ያየኋት የዶሮ ለቀማ የስስ ድብልቅም ልትሆን ትችላለች፣ የላምባም። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አድርጊ። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፤ ላምባ ያለበት ቅባት የመሰለ እድፍ ትቶ ይዘገያል። የታንከሯ ክዳን ላይ ያለችው መተንፈሻ ቀዳዳም በአቧራ አለመደፈኗን በአፍሽ ነፍተሽ አረጋግጪ፤ እሷ ከተደፈነች ቤንዚኑ መውረዱን ያቆማል።

ከመግጠማችሁ በፊት ታችኛውን ቤት በቤንዚንና በዘይት ድብልቅ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥባችሁ ገልብጡት፤ የአሉሚኒየም ፍርፋሪ ከቀረ አዲሱን በሁለት ቀን ይበላዋል። ቢዬላውን ይዘሽ ወደ ላይና ወደ ታች ሳቢው፤ ወደ ጎን ትንሽ መወዛወዙ የተለመደ ነው፣ ወደ ላይና ወደ ታች ግን ምንም መላወስ የለበትም። ካለው ሥራውን አቁሚና ጻፊልኝ። የስፒኖቶውን መያዣ ቀለበቶች ስታስገቡ የታችኛውን ቤት አፍ በጨርቅ ድፈኑት፤ ያ ልጅ አንዷን ውስጥ ከጣላት እንደገና ሙሉ ሞተር ሊያስፈታሽ ነው። ቀስቷ ወደ ማርሚታው። የፋሻዎቹ አፍ ደግሞ ቤታቸው ውስጥ ካሉት ትንንሽ ችካሎች ላይ።

የዘይት ቱቦው ስለተፈታ አየር ገብቶበታል፤ ፓምፑ ላይ ያለችውን የአየር ማውጫ ብሎን ፈትተሽ ዘይቱ ያለ አረፋ እስኪወርድ ጠብቂ። እስክትተማመኚ ድረስ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሊትር ቤንዚን ብቻ በእያንዳንዱ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ዘይት በሲሪንጅ ለክተሽ ቀላቅይ። ከዚያ አትለፊ። ሰዎቹ "ለዋስትና ዘይት አብዢ" እንዳሉሽ ጽፈሻል፤ ነገሩ ተቃራኒ ነው። በአንዲቷ ቀዳዳ የሚያልፈው ዘይት ሲበዛ የሚያልፈው ቤንዚን ያንሳል፤ ድብልቁ በዚያው ልክ ይሳሳል። በዋስትና ስም ሞተር የገደሉ ብዙ አይቻለሁ።

ስትነሳ አምስት ደቂቃ ብቻ ሠርታ ትጥፋ፤ እጅሽን አስችሎ እስኪያስነካሽ ትቀዝቅዝ። ሦስት ጊዜ እንዲህ። ከዚያ 500 ኪሎ ሜትር እስክትሞይ ጋዙን አንድ ቦታ ላይ ይዘሽ አትቆዪ፤ ስጪ፣ ልቀቂ፣ ስጪ፣ ልቀቂ። ያን ከጨረሽ በኋላ ሜዳ ላይ ለአጭር ጊዜ ሙሉ ጋዝ ሰጥተሽ ሞተሩን በማጥፊያው ድንገት አጥፊ፣ ፍሪሲዮኑን ያዢ፣ ቁሚ፣ ካንዴላውን አውጪ። ማኪያቶ ከሆነ ደስ ይበለን። ነጭ ከሆነ እንዳትነጂያት፤ ካንዴላውን በፋሻ ጠቅልለሽ ላኪልኝ።

ክረምት ላይ ወደ ጎንደር ስትመጪ እንደገና ጥቁር ጭስ ትተፋለች። ትትፋ። ጂግለር አልቀይርላትም።

ሾፌሩ ካርቶኑን ሲያስረክብሽ እዚያው ፊቱ ክፈቺው። "ቆላ" የምትለው የክብሪት ሳጥን መኖሯን ሳታዪ እንዳትፈርሚለት።

አባትሽ